ምዕራፍ ሰባት፦ ሩጫው ሰበብ፣ ወዳጁ ጉዳይ

ብዙ ሰው የዓመት ፈቃዱን የሚጨርሰው በሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ፤ ውጭ አገር ለሚኖር ሐበሻ ደግሞ በየተወሰነ ዓመቱ አገር ቤት ገብቶ ዘመድ መጠየቅ አለ። ከዚህ ሁሉ ተርፋ በምትመጣው አንዲት ሳምንት ላይ ሦስት ምኞት ይረባረብባታል። አንዱ ሲለማመዱለት የከረሙትን ማራቶን መሮጥ ነው። ሁለተኛው ለዓመታት በስልክ ብቻ ያወሩትን ወዳጅ በአካል ማግኘት ነው። ሦስተኛው ባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድሞ ምንም ሳይሠሩ መዋል ነው።

ሦስቱም በአንዲት ደሴት ላይ ሊሟሉ ይችላሉ። ነገሩ የሚበላሸው ሦስቱን እኩል ለማስኬድ ሲሞከር ነው። ሩጫውን አንደኛ ያደረገ እንግዳ የወዳጁን ቤት ሆቴል ያደርገዋል፤ የቀረበለትን ምግብ በጥርጣሬ ያያል፣ ጨዋታው ሳይሟሟቅ ይተኛል፣ ውድድሩ ካለፈ በኋላም እግሩን ሰቅሎ ሶፋ ላይ ይውላል። ዕረፍቱን አንደኛ ያደረገው ደግሞ ሩጫው እንደ ዕዳ እያሳደደው ሳምንቱ ያልፋል። በዚህ ምዕራፍ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ጉዞው የወዳጅ ይሁን፣ ሩጫውም ለመሄድ ሰበብ ይሁን፤ ዕረፍቱ በሁለቱ መካከል በሚቀረው ሰዓት ራሱ ይመጣል።

ሰበብ የምለው በማሾፍ አይደለም። እኛ ሰዎች፣ በተለይ ስደት ያራራቀን፣ ያለ ጉዳይ ወዳጅ ቤት ለመሄድ እናፍራለን። «እንዲሁ ናፍቀሽኝ ልመጣ ነው» ለማለት የሚተናነቀው ሰው «እዚያ ውድድር ስላለኝ እግረ መንገዴን ልይሽ» ማለት አይከብደውም። አስተናጋጇም ብትሆን «የመጣችው ለውድድር ነው» ብላ ለባሏም ለመሥሪያ ቤቷም ማስረዳት ይቀላታል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው ነው፤ ጉልበት አሞ ሩጫው ቢቀር እንኳ ጉዞው አይቀርም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንዲት ሴት እናስብ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋሽንግተን አጠገብ የምትኖር ነርስ ናት እንበል። የኮሌጅ ጓደኛዋ ባሏ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ስለሆነ ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ትኖራለች። ፐርል ሃርበርም ሆነ የስኮፊልድ ጦር ሰፈር ያሉት በዚህችው ደሴት ላይ ስለሆነ፣ አንድ ሐበሻ ሳይታሰብ ራሱን ከሚያገኝባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ዓመተ ምሕረት በጠቀስኩበት ሁሉ የፈረንጆቹን አቆጣጠር ያዙልኝ፤ ሰዓቱን ግን በለመድነው በሐበሻ አቆጣጠር እናገራለሁ።

ለምን ሆኖሉሉ

የሆኖሉሉ ማራቶን በየዓመቱ በዲሴምበር ሁለተኛ እሑድ፣ ማለትም በእኛ ኅዳር ማብቂያ ወይም ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ይካሄዳል። በ1973 ሲጀመር የመጡት ሯጮች ሁለት መቶ አይሞሉም ነበር። በ1995 የተመዘገበው ሰው ከ34,000 በላይ ሆነ። በመካከሉ ምን ተፈጠረ ለሚል ሰው ትልቁ መልስ የሰዓት ገደብ አለመኖሩ ነው። ቦስተን ለመሮጥ ብዙው ሰው የማጣሪያ ሰዓት ማሟላት አለበት፤ ሌሎች ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ መንገዱን ለመኪና ከፍተው ቀሪውን ሯጭ ወደ እግረኛ መንገድ ያወጡታል። ሆኖሉሉ የመጨረሻው ሰው እስኪገባ ይጠብቃል። ስድስትና ሰባት ሰዓት የሚፈጅባቸው ብዙ ናቸው፣ ማንም አይታዘባቸውም። ከጃፓን የሚመጣው ሕዝብ በብዙ ዓመታት ከተመዝጋቢው ግማሽ ያህሉን ይዟል፤ አብዛኛው የሚመጣው ሰዓት ሊሰብር ሳይሆን ከባልንጀሮቹ ጋር ሊከርም ነው። እኔ የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በተግባር ሲኖር ማየት የሚፈልግ ሰው እነሱን ይመልከት እላለሁ።

ከመሥራቾቹ አንዱ ጃክ ስካፍ የተባለ የልብ ሐኪም ነበር። የልብ ሕመምተኛ ሰውነቱን እንዳያንቀሳቅስ ይመከር በነበረበት ዘመን እሱ ሕመምተኞቹን ቀስ አድርጎ ወደ ሩጫ አስገባቸው፤ ካፒዮላኒ በሚባለው ፓርክም እሑድ እሑድ ጀማሪዎችን የሚያለማምድ የማራቶን ክሊኒክ ከፈተ። ዋና ደንቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋልና ቀንሱ። እንደኛ ላለ ወሬ ወዳድ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ሥልጠና አላውቅም። ነርሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትለማመድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ለጓደኛዋ እየደወለች መሮጥ ትችላለች፤ ጓደኛዋ «ምን ያስለከልክሻል?» ካለቻት ፍጥነቷን ትቀንስ።

የፊተኞቹ ሌላ ዓለም ነው። ኬንያዊው ኢብራሂም ሁሴን ከ1985 እስከ 1987 በተከታታይ ካሸነፈ ወዲህ ምሥራቅ አፍሪካውያን እዚያ እንግዳ አይደሉም፤ በ2022 በወንዶች አሰፋ መንግስቱ፣ በሴቶች አሳየች አያሌው፣ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን፣ አሸንፈዋል። ይህን የምጽፈው በዚያ መንገድ ዳር «ኢትዮጵያ!» ብሎ የሚጮኽላችሁ ሰው ቢገጥማችሁ እንዳትደነግጡ ነው። ስማችሁንና መልካችሁን አይቶ በሁለት ሰዓት ተኩል የምትገቡ የሚመስለው ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው፤ ለባንዲራ ክብር ብሎ መፍጠን እንደማይገባ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ይገባችኋል።

ሰውነታችሁን በአገሩ ሰዓት አታስለምዱ

በዚህ ጉዞ ላይ ብዙ ሰው የሚያበላሸውና በትክክል ከተያዘ ግን ትልቅ ስጦታ የሚሆነው ነገር የሰዓት ልዩነቱ ነው። ሆኖሉሉ በክረምታቸው ከዋሽንግተን በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ በ13። ማራቶኑ የሚጀመረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ለአገሬው ሰው ይህ ገና ጨለማ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከዋሽንግተን ለመጣች ነርስ ግን ሰውነቷ የሚያውቀው ሰዓት ከጠዋቱ 4 ነው። ቁርስ የበላችበት፣ ሆዷም የተስተካከለበት፣ ጡንቻዋ የተፍታታበት ሰዓት ማለት ነው።

ስለዚህ ሰውነቷ አዲሱን ሰዓት ቶሎ እንዳይለምድ ማድረግ አለባት። ሐሙስ ገብታ እሑድ የምትሮጥ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ትተኛ፤ በዋሽንግተን ያኔ እኩለ ሌሊት ወይም ትንሽ ካለፈ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ራሷ ትነቃለች፤ ለእሷ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የውድድሩ ቀን የሚያስፈልጋትም ይኸው ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ ቀለል ያለ ነገር መቅመስ፣ መታጠብ፣ ወደ መነሻው መሄድ። ማንቂያ ደወል እንኳ አያስፈልጋትም፤ ለጥንቃቄ ግን ታስቀምጠው።

ሙቀቱ ተቃራኒው ነው። ዲሴምበር ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ጓንት አድርጎ ሲሮጥ የከረመ ሰው ሌሊቱ እንኳ ወደ 20 ዲግሪ፣ ቀኑ 27 ዲግሪ አካባቢ የሆነና አየሩ እርጥበት ያዘለ ደሴት ላይ ይወርዳል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በሦስት ቀን አይሆንም። ከመሄድ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ከልምምድ በኋላ ሳውና መግባት ወይም ወፍራም ልብስ ደርቦ ቀስ ብሎ መሮጥ ይረዳል፣ የልብ ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ካማከረ በኋላ። ከዚያ ውጭ ያለው መፍትሔ ሰዓትን መርሳት ነው። አዲስ አበባ የሚለማመድ ሰው በበኩሉ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የኖረ ሳንባ ይዞ ይመጣል፤ ይህም ሙቀቱን አያሸንፍለትም። ከፍታ የሰጠው ጉልበት በላብ ሊወጣ ይችላልና እሱም ቢሆን አይጀነን።

ከመሄዳችሁ በፊት የሚደረግ አንድ ስልክ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ አስተናጋጅ ክብሯን የምታሳየው በምግብ ነው፤ እንግዳም ፍቅሩን የሚያሳየው በመብላት ነው። ከማራቶን በፊት ባለችው ማታ ግን ሯጭ የሚያስፈልገው ሩዝ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ስኳር ድንችና በጊዜ መተኛት ነው። ምስር፣ ጎመንና በበርበሬ የነደደ ወጥ በ25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንደሚያደርጉ በዝርዝር አልጽፍም። አንዱ የግድ መሸነፍ አለበት፤ የሚሸነፈው ወዳጅነቱ እንዳይሆን አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ስልኩ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦

«ቅዳሜ ማታ ለአንቺ ብዬ ሰው ጠርቻለሁ።»

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ ቅዳሜ በአንድ ሰዓት ተኝቻለሁ እኮ። ሰኞ ማታ አድርጊልኝ።»

«በአንድ ሰዓት? ሕፃን ሆንሽ እንዴ?»

«ለሁለት ቀን ሕፃን አድርገሽ ያዢኝ። ሰኞ የሠራሽውን ሁሉ እበላለሁ፣ ድስቱንም አልምርሽም።»

ይህች አጭር ንግግር ብዙ ነገር ትሠራለች። አስተናጋጇ ግብዣዋ እንዳልተናቀ ታውቃለች፤ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። እንግዳዋም ቅዳሜ ማታ «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ» ሲባል ፊቷን አታጠቁርም። በጊዜ መተኛት ካለ ጨዋታው የት ይደረጋል? ቀን ነዋ። ሐሙስና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ንቁ የምትሆንበት ጊዜ ነውና ከእራት ይልቅ ዘግየት ያለ ምሳ ይብሉ። ቡናውም ከ9 ሰዓት በፊት ይፈላ፤ ሦስተኛው እንዳይቀር የምትል አስተናጋጅ ካለች ሦስተኛው ቀጠን ስለሚል ብዙ አይጎዳም።

ጊዜው የነቢያት ጾም መሆኑንም አትርሱ። ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሚቆይ ማራቶኑ በየዓመቱ መሐል ላይ ይወድቃል። ይህ ሯጭን አይጎዳም፤ እንዲያውም የጾም ምግብ አብዛኛው ሯጭ የሚፈልገው ዓይነት ነው፣ እስከ ዓርብ ድረስ ሽሮውም ቢሆን ይበላ። ሃዋይ ውስጥ ሩዝ የሌለበት ገበታ ማግኘት ራሱ ይከብዳል። በተጨማሪ የደሴቱ ነባር ሕዝብ ዋና ምግብ ጎደሬ ነው፤ ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ አላቁጠው «ፖይ» የሚሉትን ይሠሩበታል። ሲቆይ እየጎመዘዘ ስለሚሄድ እርሾ የለመደ ምላስ አይደነግጥበትም። ወላይታና ጋሞ ያደገ አንባቢ ካለ ጎደሬን እዚያ ማግኘቱ ይደንቀው ይሆናል፤ ለሩጫ ከዋናዎቹ ኃይል ሰጪ ምግቦች አንዱ ነው። ችግር የሚሆነው እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ነው። ማራቶንን ያለ ውኃና ያለ ምግብ መሮጥ ለሕይወት ያሰጋልና የዚያን ዕለት ነገር ቀድሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይበጃል። በነገራችን ላይ መጨረሻው መስመር ላይ ለሯጮች የሚታደለው ማላሳዳ የሚባል የፖርቱጋሎች ቦምቦሊኖ እንቁላልና ወተት ስላለበት ጾመኛውን ይፈትነዋል።

ስለ ስጦታ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሐበሻ ለሐበሻ ይዞ የሚሄደው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽና ቡና ነው። ሃዋይ ግን ያልተቆላ ቡና ያለ ልዩ ፈቃድ አታስገባም። ወደ ደሴቶቹ የሚገባ ተሳፋሪ የያዘውን ተክልና የምግብ ዓይነት የሚያሳውቅበት የግብርና ቅጽ ይሞላል፤ ጥሬ ቡና ደብቆ መግባት ደግሞ ከመቀጣት አልፎ የሰው እርሻ ማበላሸት ነው። ደሴቶቹ ራሳቸው ቡና ያመርታሉ። በ1825 ቦኪ የተባለ የደሴቲቱ ሹም ከብራዚል ችግኝ አስመጥቶ ኦዋሁ ላይ አስተከለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኮና ወደሚባለው አውራጃ ተሻገረና ስም ያወጣው እዚያ ነው። ከእኛ ጫካ የተነሣው የአረቢካ ዘር በየመን አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ዓለምን ግማሽ ያህል ዞሮ ነው እዚያ የደረሰው። በ2010 የቡና ፍሬ የሚበሳው ጥንዚዛ ኮና ገባ፤ በ2020 ደግሞ የቡና ቅጠል ዝገት በሽታ ተገኘ። ስለዚህ የሲዳማውን ወይም የይርጋ ጨፌውን ቡና ቤታችሁ ቆልታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መቁላቱ የሥነ ሥርዓቱ ግማሽ ነው የምትል አስተናጋጅ ካለች ጥሬውን እዚያው የደሴቱን ገዝታ ትቁላ፤ ዋጋው ያስደነግጣታል እንጂ ጭሱ አንድ ነው።

ሌላው ቀላል ነው። የሃዋይ ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው ቤት የሚገባው፤ እዚያ የከረመች ጓደኛችሁም ይህን ለምዳ ይሆናል። የመሮጫ ጫማችሁ ሦስት ወር የተሠራበት ከሆነ በረንዳ ላይ ቢያድር ለሁሉም ይሻላል። የመሮጫ ቁጥር የሚታደለው ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት በሃዋይ የስብሰባ ማዕከል ነውና ዓርብ ጠዋት፣ አስተናጋጇ ሥራ ላይ ሳለች፣ ብቻችሁን ሄዳችሁ ተቀበሉ። ቅዳሜ ወረፋው ረጅም ነው፤ ረጅም ወረፋ ደግሞ እግር ይበላል።

እሑድ ጠዋት

መነሻው አላ ሞአና ጎዳና ላይ ነው። ርችት ይተኮሳል፣ ሕዝቡ በጨለማ ይንቀሳቀሳል። መንገዱ በመሐል ከተማ ለገና በዓል መብራት በተንቆጠቆጠው የከተማው አዳራሽ በኩል አልፎ፣ ዋይኪኪን ሰንጥቆ፣ ዳይመንድ ሄድ ወደሚባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ግርጌ ይወጣል። ይህ ዳገት ትንሽ ነው። የሚያስቸግረው በመመለሻ ላይ፣ 39ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ እንደገና መምጣቱ ነው። በሁለቱ ዳገቶች መካከል ካላኒያናኦሌ የተባለው አውራ ጎዳና አለ፤ ረጅም፣ ሜዳ፣ ጥላ የሌለው። ከምሥራቅ የሚነፍሰው የዘወትር ነፋስ ሲኬድ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይመጣል። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ጥሩ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሙቀት ውስጥ ሮጦ አያውቅም፤ ላቡን የሚያደርቅለት አየር ያኔ ይጠፋበታል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለስልት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በጨለማና በቅዝቃዜ ስለሚያልፉ ሁሉም ሰው ጉልበቱ የማያልቅ ይመስለዋል። የሐኪሙን ደንብ እዚህ ላይ ጨክኖ መያዝ ነው፦ አጠገባችሁ ካለ የማታውቁት ሰው ጋር ወሬ ጀምሩ፤ ማውራት እስከቻላችሁ ድረስ ፍጥነታችሁ ትክክል ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ በየውኃ ጣቢያው ጥቂት እርምጃ ተራመዱ።

በውኃ ጉዳይ እኛ አገር «ጠጣ፣ ጠጣ» የሚል ምክር ብዙ ነው። መጠጣት ያስፈልጋል፤ ጥም ከሚጠይቀው በላይ መጠጣት ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ከ2002ቱ የቦስተን ማራቶን ሯጮች መካከል በ488ቱ ላይ ተደርጎ በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከመጠን በታች እንደወረደ አሳይቷል፤ ይበልጥ የተጋለጡትም ብዙ ጠጥተው ከመነሻቸው ክብደት ጨምረው የገቡትና ከአራት ሰዓት በላይ የቆዩት ነበሩ። ቀርፋፋ ሯጭ ብዙ ሰዓት መንገድ ላይ ስለሚቆይ የመጠጣት ዕድሉም ብዙ ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእጅ ማበጥ ከጀመራችሁ ሕክምና ድንኳን ግቡ። ነርሷ ይህን ታውቃለች፤ ነርስ ግን ለራሷ ስትሆን እንደምትረሳው ከባልደረቦቿ ጠይቁ።

አስተናጋጇን ሩጫው ውስጥ ማስገባት የሚቻልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ በዚያው ጠዋት ከማራቶኑ ጋር ከአንድ መነሻ የሚነሣ የ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ አለ፤ መጨረሻውም ያው ካፒዮላኒ ፓርክ ነው። በእግርም ይሄዱታል፣ ጓደኛችሁም ከልጆቿ ጋር ልትገባበት ትችላለች፤ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ገላዋን ታጥባ፣ ቁርስ በልታ ትጠብቃችኋለች። ሁለተኛው እንደ ቤቷ ቦታ ነው። በደሴቲቱ ምሥራቅ፣ ሃዋይ ካይ ሰፈር የምትኖር ከሆነ እሑድ ጠዋት መኪናዋን ማንቀሳቀስ ያስቸግራታል፤ ዋናው መንገዷ በሯጭ ተይዟል። ነገር ግን ሯጩ በሰፈሯ በኩል ሄዶ ስለሚመለስ በፒጃማ ወጥታ ሁለት ጊዜ ልታያችሁ ትችላለች። ቃል የገባችሁትን ሰዓት ግን ሰፋ አድርጉት፤ «ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው» በሉ እንጂ ደቂቃ አትጥቀሱ። ደቂቃ ጠቅሶ የዘገየ ሯጭ መንገድ ዳር ያለውን ሰው ያስጨንቃል፣ ራሱም ያንን ሰዓት ለማድረስ ሲል ይጎዳል።

መጨረሻው መስመር ላይ ስልክ አይታመንም። «ፓርኩ ውስጥ እንገናኝ» የሚሉ ሰዎች አንድ ሰዓት ይፈላለጋሉ። ቅዳሜ ዕለት ካፒዮላኒ ፓርክን አብራችሁ ዞራችሁ አንድ ዛፍ ምረጡ፤ ትልልቅ ዋርካ የሚመስሉ ባንያን ዛፎች ስላሉ የሚያሳጣ አይደለም። ባሕሩ ከፓርኩ መንገድ ማዶ ነው። ከገባችሁ በኋላ ቀዝቀዝ ብላችሁ፣ ጥቂት በልታችሁ፣ እስከ ወገብ ድረስ ውኃው ውስጥ ቁሙ። በዲሴምበርም ወደ 25 ዲግሪ ነው። ከዚህ የተሻለ ማሳጅ በገንዘብ አይገዛም፤ በዋይኪኪ ዋጋማ በጭራሽ።

የቀሩት ቀናት

የእግር ሕመም የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰኞ ዳይመንድ ሄድ ጫፍ ላይ ለመውጣት ማቀድ የሚበረታታ አይደለም፤ ተራራው 232 ሜትር ብቻ ቢሆንም ወደ ጫፉ ሲጠጋ ቀጥ ያለ ደረጃ አለው፣ ከደረጃም መውረዱ ያስለቅሳል። በተጨማሪ የሃዋይ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ ቀድሞ ማስያዝ አለበት። ዓሣ የሚታይበት ሃናውማ የባሕር ወሽመጥ ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው፤ እሑድ ሮጠው ሰኞ በኩራት ታክሲ ይዘው እዚያ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ረቡዕ ይሁን። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከምትነሡበት አገር አትግዙ፤ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ንጥረ ነገሮች የባሕር ዛጎል አለትን ስለሚጎዱ ያሉበትን ቅባት መሸጥ ከ2021 ጀምሮ በሃዋይ ሕግ ተከልክሏል። እዚያው የሚሸጠውን መግዛት ይቀላል።

ሰኞ ቀን አስተናጋጇ ሥራ ናት። ይህ ቀን ለዕረፍት የተፈጠረ ነው፤ ምንጣፍ ይዞ ባሕር ዳርቻ መጋደም፣ መተኛት፣ እንደገና መተኛት። ሰኞ ዋይኪኪ ውስጥ የማራቶኑን ቲሸርትና ሜዳሊያ አድርገው የሚንሸራሸሩ ሺህ ሰዎች ታያላችሁ። ባሕሉ ነው፣ አልነቅፍም። ሜዳሊያውን አንገት ላይ አድርጎ እራት መቅረብ ግን በእኔ ሚዛን ትንሽ ይበዛል።

ሰኞ ማታ ደግሞ የተቀጠረው ግብዣ አለ። ውድድሩን አስቀድሞ የመጨረስ ጥቅሙ እዚህ ይታያል፦ ከእንግዲህ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ምግቡ አያስፈራም፣ ሰዓታችሁም በአራት ቀን ውስጥ ትንሽ ወደ አገሩ ስለቀረበ እስከ 4 ሰዓት መቀመጥ ይቻላል። የሩጫውን ታሪክ በአምስት ደቂቃ ጨርሱት። የተጠሩት ሰዎች ስለ 34ኛው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን፣ ማን እንዳገባና ማን እንደወለደ ነው መስማት የሚፈልጉት። ከአምስት ሺህ ማይል የመጣ ሰው ዜናው ውድ ነው።

በተረፈ የቤት እንግዳ ረጅም ሲቆይ አስተናጋጇ መድከሟ አይቀርም፤ በቆይታችሁ መሐል አንድ ማታ እናንተ ራት ሥሩ፣ ወይም ልጆቹን ያዙላትና ከባሏ ጋር ትውጣ። እግሩ ያመመው ሰውም ሕፃን መጠበቅ ይችላል።

ስትመለሱ አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣችሁ በግብርና መርማሪዎች ያልፋል። አናናስ ይፈቀዳል፣ ትኩስ ማንጎ አይፈቀድም፤ የተቆላ ኮና ቡና ችግር የለበትም። ከመሰናበታችሁ በፊትም ተራው የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ጓደኛችሁ 10 ኪሎ ሜትሩን ከተራመደች ልምድ አላት፤ ከ2001 ጀምሮ በየኅዳሩ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለሁለታችሁም የሚሆን ሰበብ ነው። ቀድማችሁ ግን አንድ ነገር ንገሯት፦ ከባሕር ጠለል የምትመጣ ሴት ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስትሮጥ መጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሿ ያጥራታልና ጥቂት ቀን ቀድማ ትግባ፤ የታላቁ ሩጫ መመዝገቢያም ቶሎ ስለሚያልቅ ቲሸርቱን አገር ቤት ያለ ዘመድ በጊዜ ይግዛላት።